የጽዋ ማኅበር እንዴት ይመሠረታል? እንዴትስ ሳይፈርስ ይቆያል?

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በ21 ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ስትመለስ በመሐረብ የተቋጠረ ዳቦ ታመጣልናለች። «ጸበል ጻዲቅ ነው፣ መሬት እንዳይወድቅ» ትለናለች። አድጌ የሚካኤል ማኅበር የገባሁት በዚያ ዳቦ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን አሁን ብዙ ወጣቶች «ማኅበር መጀመር ፈልገን ነበር፣ ከየት እንነሣ?» ብለው ይጠይቁኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። የጽዋ ማኅበር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በጌታ፣ በእመቤታችን ወይም በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ፣ በየተራ፣ በየቤታቸው የሚሰበሰቡበት ነው። መጀመሩ አይከብድም። የሚከብደው ማቆየቱ ነው።

መጀመሪያ ሰው

12 ሁኑ። ቁጥሩ የሐዋርያት ቁጥር ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ በዓመት 12 ወር ስላለ እያንዳንዱ ሰው አንዴ ብቻ ይደግሳል። (ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች በ12 የሚውለው ሚካኤል አይደርስባትም፣ ተራም አይያዝባትም።) ከ12 ካነሳችሁም ጀምሩ፣ ሰው ይመጣል። ከበዛችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ደግሱ። ከ24 ካለፋችሁ ግን ሌላ ማኅበር ብትከፍቱ ይሻላል። ሳሎን አይበቃችሁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሰው በበዛበት አንዱ ቢቀር ማንም ልብ አይልም። በትንሽ ማኅበር ግን የቀረ ሰው ወዲያው ያስታውቃል።

ስትመርጡ የኑሮ እኩያ አትፈልጉ። የሚቀራረብ ሰፈር ፈልጉ። ከሥራ ወጥቶ አንድ ታክሲ ይዞ የሚደርስ ሰው አይቀርም።

ቀኑን ከቅዱሱ ጋር ምረጡ። ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔዓለም 27 ነው። አብዛኛው ሰው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ታቦት ስም ይይዛል። ጥሩ ነው፤ ጠዋት አስቀድሳችሁ ከሰዓት ጽዋችሁን ትጠጣላችሁ።

ከዚያ ወደ አንድ ካህን ሂዱ። ከአጥቢያችሁ ቢሆን ይመረጣል። «አባታችን፣ የማኅበራችን አባት ይሁኑልን» ብላችሁ በአንድነት ጠይቁ። አንድ ሰው ልካችሁ አታስጠይቁ። ካህኑ ሁላችሁንም ከመጀመሪያው ቀን ቢያያችሁ በኋላ ስትጣሉ ያስታርቃችኋል።

ሦስት ኃላፊና አንድ ደብተር

ብዙ ሹመት አያስፈልግም። ሰብሳቢው በብዙ ማኅበር «ሙሴ» ይባላል። ሙሴ የሚመረጠው ንግግር ስለሚችል ሳይሆን ስለሚታገሥ ይሁን። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ጨምሩ። ሦስቱን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ፤ አንድ ሰው ላይ ሲቆይ ማኅበሩ የሰውየው ቤት ይሆናል።

ጸሐፊው ደብተር ይያዝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁሉንም የዓለም ስምና ስመ ክርስትና ጎን ለጎን ይጻፍ። ይህን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ካህኑ የሚጸልየው በስመ ክርስትና ነው። አንድ ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ ወይም አርፎ ፍትሐት ሲደረግለት «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ይባላል። ያኔ ቤተሰቡ ለቅሶ ላይ ነው፣ ሰው ይደናገጣል። ደብተሩ ላይ ካለ ማኅበርተኛው ይመልሳል። የልጆችንም ጨምሩበት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የዓመቱን ተራ በዕጣ አውጥታችሁ ጻፉ። ሦስተኛው ላይ ደንባችሁን። ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ወርኃዊ መዋጮ ስንት ነው፣ ማርፈድና መቅረት ምን ያስቀጣል፣ ሲታመም ማን ይጠይቃል፣ ሐዘን ሲደርስ ከሣጥን ምን ይወጣል። ለቀብርና ለድንኳን ዕድር አለ። የማኅበር ሥራ ከሰዎች ጋር መቀመጥ ነውና ደንቡን እንደ ዕድር አታክብዱት።

የድግሱ ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው በዚህ ነውና።

በእናቴ ማኅበር አንዲት እናት በድንገት መምጣት አቆሙ። አንድ ወር ቀሩ፣ ሁለት ወር ቀሩ። ሌሎቹ «ኮርተው ነው» አሉ። በሦስተኛው ወር እናቴ ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው ሥራ አጥተው ነበር። ተራቸው ደግሞ እየደረሰ ነው። ከእሳቸው በፊት የደገሱት ሴት በግ አርደው፣ ሦስት ዓይነት ወጥ ሠርተው ነበር። ሴትየዋ ማኅበሩን አልጠሉትም። በሽሮ ማስተናገድ አፍረው ነው። እናቴ እያለቀሰች ነው የተመለሰችው።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ አንድ ነገር ወሰነ። ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ አንድ ዓይነት ወጥ፣ ቡና። ከዚህ በላይ ማቅረብ ክልክል ነው። መጨመር የፈለገ ሰው ጭማሪውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ይስጥ። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ደንብ አላየሁም። ሀብታሙ ቅር ሊለው ይችላል፤ ድሃው ግን ይቆያል። በማቴዎስ 10፥42 ጌታ ዋጋው አይጠፋም ያለው ለቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ ነው።

እንዲህም ሆኖ የሚቸገር አይጠፋም። ስለዚህ ከሣጥኑ ጥቂት ገንዘብ ለባለ ተራ ይቀመጥ። ሙሴና ገንዘብ ያዥ ብቻ ይወቁት፣ ደብተር ላይም ስም አይጻፍበት።

ቀኑ ዐቢይ ጾም ወይም ሌላ ጾም ላይ፣ ወይም ከበዓለ ኀምሳ (ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት) ውጭ ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለ ወጡ የጾም ነው። የተራ ዕጣ ስታወጡ «እኔ ፍስክ ወር ይድረሰኝ» የሚል ካለ አትስሙት፤ የጾሙ ጽዋ ወጪውም ይቀንሳል፣ ጸሎቱም ረጋ ይላል።

ለዓመታዊው በዓል ግን ሁላችሁም አዋጡና ዝክር አድርጉ። ሚካኤል ከሆናችሁ ኅዳር 12 ወይም ሰኔ 12፣ ገብርኤል ከሆናችሁ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19። ያን ቀን ቀድመው የሚበሉት ነዳያን ናቸው፣ እናንተ አሳላፊ ናችሁ።

በዕለቱ ምን ይደረጋል

በሰዓቱ ተገኙ። ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ ልበሱ። ባለ ተራው ምንጣፉን ያነጥፋል፣ ጧፍ ያበራል፣ ሥዕለ አድኅኖውን ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጣል። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ስልክ ድምፁ ይዘጋል።

ጸሎቱን ካህኑ ይጀምራል። የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይደርሳል። ከዚያ እንደ ማኅበሩ ስም ድርሳነ ሚካኤል፣ ተአምረ ማርያም ወይም የቅዱሱ ገድል ይነበባል። ግእዙን የማይሰማ ካለ በአማርኛ ይነበብ። አጭር ትምህርት ቢኖር መልካም ነው፤ ከሃያ ደቂቃ ባይበልጥ። ከዚያ የማኅበርተኛው ሁሉ ስመ ክርስትና ከደብተሩ እየተጠራ ይጸለያል። የታመመ፣ በጉዞ ላይ ያለ፣ የወለደች ካለች በስሟ። በአቡነ ዘበሰማያት ይደመደማል።

ካህኑ ዳቦውንና ጽዋውን ባርከው ዳቦውን ይቆርሳሉ። ጽዋው ይዞራል፣ ሁሉም ይቀምሳል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ ይህ ጸበል ጻዲቅ ነው እንጂ ቁርባን አይደለም። ቁርባን በቤተ መቅደስ፣ በቅዳሴ ነው። ማኅበር ያለው ሰው ቅዳሴ አይቅር።

ካህን ያልተገኘ ዕለት አትበተኑ። ዲያቆን ካለ ይምራ፤ ከሌለ በዕድሜ የሚበልጠው ጸሎቱን አድርሶ ዳቦውን ይቁረስ።

ከምግብ በኋላ ቡና ይፈላል። እኔ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። የልጅ ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ የታመመ አባት፣ ሁሉ ይወራል። ሐሜት ሲጀመር ሙሴው «ሚካኤል ይሰማል» ይበል፤ ይበቃል።

ከአገር ውጭ ላላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ማኅበሮች ብዙ ጊዜ ለቅዱሳቸው ቀን በሚቀርበው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሰበሰባሉ። ምንም አይደለም። የአገሩን የቀን መቁጠሪያ ግን ቀድማችሁ አስሉ፤ ኅዳር 12 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ላይ ነው። ዕጣን ከማጤሳችሁ በፊት ኮርኒሱ ላይ ያለውን የጭስ ማስጠንቀቂያ አስቡ፣ መስኮት ክፈቱ። ጠላ ካልተገኘ ብርዝ ወይም ጭማቂ ይሆናል።

በዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ነገር ይለያል። ዕረፍት ሲያገኙ ብዙ ጊዜ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ጾም ነው። ስለዚህ ጽዋቸው ዳቦና ሽሮ ነው። አሠሪዋ የማትለቃት እህት ካለች በስልክ አስገቧት። ስሟ ሲጠራ ትስማ። ተራዋ ሲደርስ ሌሎቹ ይደግሱላት፣ ጽዋው ግን በእሷ ስም ይነሣ።

ጽዋውን ማስረከብ

የመጨረሻው ሥራ ይህ ነው። ሁሉም ይነሣል። ባለ ተራው ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ለካህኑ ይሰጣል፣ ካህኑ መርቀው ለቀጣዩ ያስረክባሉ። እልልታ ይሆናል። ተረካቢው በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ማኅበርተኛው ጧፍ ይዞ እስከ ደጅ፣ ቅርብ ከሆነም እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። ቤቱ ሲደርስ ከሥዕሉ አጠገብ ያኖረዋል። ሌላ ነገር አይጠጣበትም።

ተረካቢው ያን ቀን ከቀረ ጽዋውን ባለ ተራው ቤት አታሳድሩት። ከእናንተ ሁለት ሰው ይዞለት ይሂድ፣ ያንኑ ማታ። በሩን አንኳኩና «ሚካኤል እንግዳ ሆኖ መጣ» በሉት። ለምን እንደቀረ ያኔ ይነግራችኋል።