በቶክን የሚከፍል ማኅበራዊ ሚዲያ ከሥራዎ ምን እንደሚያተርፍ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

«ለሚጽፉት በክሪፕቶ (ማለትም ቶክን በሚባል ዲጂታል ገንዘብ) እንከፍልዎታለን» የሚል ማኅበራዊ ሚዲያ ያጋጠመው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስንት እንደሚከፈለው ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ከፋዩ ራሱ በምን እንደሚተዳደር ነው። እነዚህ መድረኮች የተመሠረቱት ብሎክቼይን በሚባል በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚቀመጥ የጋራ መዝገብ ላይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገባቸው ለማንም ክፍት ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው የአትራፊዎቹን ማንነት ባያውቅ እንኳ አካውንታቸውን ለይቶ ማግኘት ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው አካሄድ በዋናነት የሚያጣቅሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውን ስቲሚትንና ከእሱ ተነጥሎ የወጣውን ሃይቭን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በእ.ኤ.አ. የተጻፉ ናቸው)፤ ጥያቄዎቹ ግን ለሌሎቹም መድረኮች ያገለግላሉ።

እርምጃ 1፦ የክፍያውን ምንጭ ይለዩ

መድረኩ ስለ አሠራሩ ያወጣውን ሰነድ ይክፈቱና ቶክኑ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያብራራውን ክፍል ያንብቡ። ስቲሚት የሚሠራበት ስቲም የተባለው ብሎክቼይን ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በዓመት 9.5 በመቶ ገደማ አዲስ ቶክን እያወጣ፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየቀነሰ 0.95 በመቶ እስኪደርስ እንዲወርድ ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። ከአዲሱ ቶክን 75 በመቶው ለጸሐፊዎችና ጽሑፎችን ለሚመርጡ ድምፅ ሰጪዎች፣ 15 በመቶው ቶክናቸውን ወዲያው እንዳይሸጥ ለቆለፉ ባለድርሻዎች፣ 10 በመቶው ደግሞ ግብይቶችን በመዝገቡ ላይ ለሚያሰፍሩት፣ ዊትነስ ለሚባሉት ብሎክ አምራቾች ይከፋፈል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ከኪሱ አውጥቶ የከፈለ አንባቢ የለም፣ አስተዋዋቂም የለም። የተከፈለው አዲስ የተፈጠረ ቶክን ነው፤ ቶክኑ ዋጋ የሚኖረው ደግሞ ከውጭ መጥቶ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ሥራ ከጽሑፍነቱ ባሻገር ሌላ ጥቅም ይሰጣል፦ መድረኩ ሕይወት ያለው እንዲመስል ያደርጋል፣ አዲስ ሰው ይስባል፣ ለቶክኑም ገዢ ያመጣል። የመድረኩ ዋና ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ይህን ሳያውቁ ለወራት ይደክማሉ።

እርምጃ 2፦ ቶክኑ በማን እጅ እንዳለ ይመልከቱ

ብሎክ ኤክስፕሎረር የሚባለውን የመዝገብ መመልከቻ ይክፈቱና አካውንቶችን በያዙት ቶክን መጠን በቅደም ተከተል ያውጡ። የመጀመሪያዎቹ 20 አካውንቶች የያዙትን ደምረው ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ያስሉ። የክሪፕቶ መገበያያዎች አካውንት የደንበኞቻቸውን ገንዘብ አጠራቅሞ ስለሚይዝ ለብቻው ለይተው ያስቀምጡት።

በስቲም ጅማሬ ከተፈጠረው ቶክን አብዛኛውን የወሰደው መሥራቹ ኩባንያ ነበር። ይህን ያህል ድርሻ የያዘ ኩባንያ ከጸሐፊው ላይ ኮሚሽን መቁረጥ አያስፈልገውም፤ ዋጋው ሲወጣ ከያዘው ላይ ጥቂት ጥቂት እየሸጠ ወጪውን መሸፈን ይችላል። የስቲም ዋጋ በጥር 2018 ከ7 ዶላር በላይ ደርሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ1 ዶላር በታች ሲወርድ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። በኅዳር 2018 ኩባንያው የክሪፕቶ ገበያውን መዳከም ምክንያት አድርጎ ከ70 በመቶ በላይ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ከዚያም በኋላ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ። ጽሑፎቹ እንደ በፊቱ ይወጡ ነበር፤ የጠፋው የቶክኑ ገዢ ነበር።

እርምጃ 3፦ የአንድን ጽሑፍ ክፍያ እስከ መጨረሻው ይከታተሉ

ክፍያው ያለቀለት አንድ ጽሑፍ ይምረጡ። በሃይቭ ላይ ጽሑፉ በወጣ በ7ኛው ቀን ክፍያው ይዘጋል። ከጽሑፉ ሥር 10 ዶላር ተጽፎ ቢያዩ ጸሐፊው 10 ዶላር አገኘ ማለት አይደለም። ግማሹ፣ ማለትም 5 ዶላሩ፣ ድምፅ ለሰጡት ይሄዳል። ጸሐፊው የተጠቀመበት መተግበሪያ ከጸሐፊው ድርሻ 10 በመቶ እንዲቆረጥለት አስቀድሞ አስሞልቶ ከሆነ ደግሞ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀራል። ከዚህም ውስጥ በተለመደው ምርጫ ግማሹ የሚከፈለው ሃይቭ ፓወር በተባለ የተቆለፈ ቶክን ሲሆን፣ እሱን ለማውጣት የጠየቀ ሰው የሚከፈለው በየሳምንቱ ተከፋፍሎ በ13 ሳምንት ነው። በገጹ ላይ 10 ዶላር ተብሎ ከታየው ውስጥ በቅርቡ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችለው 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ያህሉ ነው።

መቆለፉም ያለ ምክንያት አይደለም። የተቆለፈ ቶክን ወደ ገበያ ወጥቶ ዋጋ አያወርድም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ያልተቆለፈ ቶክን የያዘው ወገን መሸጥ ይችላል።

የመተግበሪያውን ቁራጭ ለማየት የክፍያ ተቀባዮች ዝርዝር የሚታይበትን ክፍል ጽሑፉን ከማውጣትዎ በፊት ይክፈቱ። መጠኑን መቀየር የሚፈቅዱ መተግበሪያዎች አሉ።

እርምጃ 4፦ ድምፅ የሰጡትን ይቁጠሩ፣ ይመዝኑም

በእነዚህ መድረኮች የሁሉም ሰው ድምፅ እኩል አይደለም፤ የድምፁ ክብደት የሚለካው በተቆለፈው ቶክን ነው። በመቶ ሰዎች የተወደደ ጽሑፍ ሳንቲሞች ሲያገኝ፣ አንድ ባለ ብዙ ቶክን የመረጠው ጽሑፍ ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። ከድምፅ ሰጪዎች ግማሽ ድርሻ ውስጥ ትልቁን የሚወስደውም ያው ባለ ብዙ ቶክን ነው። በስቲም ላይ ደግሞ ባለሀብቶች የድምፅ ኃይላቸውን ለሮቦቶች (በክፍያ ድምፅ ለሚሰጡ ፕሮግራሞች) ያከራዩ ነበር፤ ጸሐፊዎችም ጽሑፋቸው እንዲታይ ለሮቦቱ ቶክን እየከፈሉ ድምፅ ይገዙ ነበር። ስለዚህ ሽልማት ሊቀበል የመጣው ሰው ራሱ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። በነሐሴ 2019 የጸሐፊውና የድምፅ ሰጪው ድርሻ ከ75 ለ25 ወደ 50 ለ50 የተቀየረው በከፊል ይህን ንግድ ለማዳከም ነበር፤ ለውጡ ግን የጸሐፊውን ድርሻ ቀንሷል።

እርምጃ 5፦ በየግብይቱ የሚቆረጥ ክፍያ መኖሩን ያረጋግጡ

ሌሎች መድረኮች አዲስ ቶክን ከማከፋፈል ይልቅ የጸሐፊውን ወይም የሌላ ይዘት አዘጋጅን ስም ራሱን ለገበያ ያቀርባሉ። በነሐሴ 2023 የተከፈተው ፍሬንድ ቴክ ከአንድ ሰው ጋር በግል የሚያወያይ «ቁልፍ» ያሸጥ ነበር፤ በእያንዳንዱ ግዢና ሽያጭ ላይ 10 በመቶ ይቆረጥና 5 በመቶው ለመድረኩ፣ 5 በመቶው ቁልፉ በስሙ ለሚሸጥለት አዘጋጅ ይሰጥ ነበር። አንድ ሰው ገዝቶ በዚያው ዋጋ መልሶ ቢሸጥ ከዋጋው 20 በመቶ ያህል ያጣ ነበር። ዋጋው ወጣም ወረደ መድረኩ ድርሻውን ይወስድ ነበር፤ ቁልፉን የያዘው አድናቂ ግን በዋጋው መውረድ ይጎዳ ነበር።

እርምጃ 6፦ ውሳኔ ሰጪውን ይወቁ

በስቲም ላይ ማንኛውም ባለድርሻ ቶክኑን ሳይከፋፍል በሙሉ ክብደቱ እስከ 30 ዊትነሶችን መምረጥ ይችል ነበር፤ የደንብ ለውጥ የሚያጸድቁት ዋናዎቹ ዊትነሶች ደግሞ 20 ብቻ ነበሩ። በየካቲት 2020 ትሮን የተባለው ሌላ ብሎክቼይን መሥራች ጀስቲን ሰን የስቲሚትን ኩባንያ ሲገዛ በኩባንያው እጅ የነበረው ያ ሁሉ ቶክን አብሮ ተሸጠ፤ መድረኩን በጽሑፋቸው የሞሉት ሰዎች ከሽያጩ ድርሻ አልነበራቸውም። ዊትነሶቹ ይህ የኩባንያው ቶክን እንዳይንቀሳቀስ አገዱ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ደግሞ ባይናንስን ጨምሮ ትልልቅ መገበያያዎች በእጃቸው ባለው የደንበኞች ቶክን ድምፅ ሰጥተው ዊትነሶቹን አስወረዱ። ከማኅበረሰቡ ብዙዎቹ መጋቢት 20 ቀን 2020 የኩባንያውን ድርሻ ትተው ሃይቭን መሠረቱ። እርስዎም ወደ አንድ መድረክ ከመግባትዎ በፊት ደንቡን መለወጥ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ለዚህስ ስንት ቶክን እንደሚበቃው ይመርምሩ።

እርምጃ 7፦ በራስዎ ሥራ ላይ ያስሉ

በመጨረሻ አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ዓምድ ገጹ ያሳየዎትን መጠን፣ በሁለተኛው ድምፅ ሰጪዎችና መተግበሪያው ከወሰዱ በኋላ የደረሰዎትን፣ በሦስተኛው ቶክኑን በሸጡበት ቀን በእርግጥ በእጅዎ የገባውን ገንዘብ ይጻፉ። ቶክኑ እስኪለቀቅ የጠበቁትን ጊዜና የመገበያያውን ክፍያ አይርሱ። ጽሑፉን ወይም ቪዲዮውን ደግሞ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ፤ በብሎክቼይን ላይ የተመዘገበ ጽሑፍ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩም ከመዝገቡ አይጠፋም፣ አንባቢ የሚያየው ገጽ ግን ሊደብቀው ወይም ራሱ ሊዘጋ ይችላል።