ደም የሚያቆመው መድኃኒት እብጠትም ያጎድል ይሆን? በአይጥ እግር እንዲህ ይፈተናል

ትራኔክሳሚክ አሲድን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። የወር አበባ ሲበዛ፣ ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ሲል የሚታዘዘው ነው። ጃፓናውያኑ ኡታኮ እና ሾሱኬ ኦካሞቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው ያስተዋወቁት። ራሱ ደም አያረጋም፤ የረጋው ቶሎ እንዳይሟሟ ፕላዝሚን የተባለው ኢንዛይም እንዳይፈጠር ያግዳል። ፕላዝሚን ደግሞ በብግነትም (ሰውነት ሲጎዳ በሚያሳየው መቅላትና ማበጥ) ውስጥ እጁ አለበት። ስለዚህ «እብጠትስ ይቀንሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው አንድም አይጥ አይነካም፣ ይህን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ካለ እዚሁ ያቁም።

ከ150 እስከ 200 ግራም የሚመዝኑ አይጦች ያዙ፣ በየቡድኑ ስድስት ስድስት። አንዱ ቡድን መድኃኒቱ የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ብቻ ያገኛል። ሌላው ኢንዶሜታሲን፣ ማለትም እብጠት እንደሚቀንስ የተረጋገጠ መድኃኒት ይሰጠዋል። የቀሩት ትራኔክሳሚክ አሲድን በተለያየ መጠን ይወስዳሉ። ማን የት እንደሚገባ በዕጣ ይለይ። እጃችሁ መጀመሪያ የሚይዘው አይጥ ሁልጊዜ ገራሙ ነውና ምርጫውን ለእጃችሁ አትተዉት።

እብጠቱን የሚያመጣው ካራጂናን ነው። ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ነው፤ አይስክሬም ውስጥም ይገባል። የሚገርመው፣ በአይጥ እግር የመፈተኑን ዘዴ ዊንተርና ባልደረቦቹ ያሳተሙትም በዚያው በ1962 ነው። ዱቄቱን በጨው ውሃ ውስጥ 1 ከመቶ አድርጋችሁ ቀደም ብላችሁ በጥብጡት፤ ቸኩላችሁ ከበጠበጣችሁት ይጓጉልና መርፌው ይደፈናል።

መድኃኒቱን በአፍ ስጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 0.1 ሚሊ ሊትር ካራጂናን በኋላ እግሩ መርገጫ ሥር ውጉ።

አሁን ልኬቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እግሩ ፕሌቲስሞሜትር በሚባል መሣሪያ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፣ ከፍ ያለው ፈሳሽ መጠኑን ይነግራችኋል። ግን አንዴ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዴ ከዚያ በላይ ከነከራችሁት የለካችሁት እብጠት ሳይሆን የራሳችሁን እጅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመርፌው በፊት ቁርጭምጭሚቱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ መስመር አስምሩ። ከመርፌው በፊት አንዴ፣ ከዚያ በየሰዓቱ እስከ አምስተኛው ሰዓት ለኩ። መጀመሪያ ላይ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የተባሉ የሰውነት ኬሚካሎች ናቸው የሚያሳብጡት፣ ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሌላ ኬሚካል ኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በስንተኛው ሰዓት እንደሠራ ማየት የት እንደሚሠራም ይጠቁማል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ መድኃኒት ያላገኙት እግር በአማካይ በ0.80 ሚሊ ሊትር ቢያብጥ፣ ያገኙት ደግሞ በ0.52 ቢያብጥ፣ የቀነሰው 35 ከመቶ ነው።

ቶሎ አትፈንጥዙ ታዲያ። እግር ያበጠው ፈሳሽ ከደም ሥር ስለወጣ ነው፣ ፈሳሹ ቀነሰ ማለት የብግነት ሴሎቹ ቀነሱ ማለት ላይሆን ይችላል። የእግሩ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ይህ መድኃኒት የረጋ ደም የሚያቆይ ስለሆነም፣ ሙከራው ሲያበቃና አይጦቹ ሳይሰቃዩ እንዲሞቱ ሲደረግ፣ ሳንባቸው ውስጥ የረጋ ደም እንዳለ ፈልጉ።

አንድ ነገር ቀረች፦ የሚለካው ሰው የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ ማወቅ የለበትም። ዝርዝሩ በሌላ ሰው እጅ፣ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። የሚከፈተውም የመጨረሻው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ነው።