ፎቷችሁን የሚያደበዝዙ ስህተቶች፦ ጣና ዳር ለምታነሱ ሁሉ

ፎቶ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሌንሱ ነው። «ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ አይረባም፣ ሌላ መግዛት አለብኝ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። 18-55 ሚሊሜትር የምንለው ተራ ሌንስ በአግባቡ ከያዙት ጥርት ያለ ፎቶ ያወጣል። አብዛኛው ብዥታ የሚመጣው ቁልፉን ከመጫናችን በፊት ካደረግነው ወይም ካላደረግነው ነገር ነው። የሌንስ ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ አጣሩ።

የብዥታውን ዓይነት ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ

ሁሉም ብዥታ አንድ አይደለም። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉሉትና እዩት። ጣና ላይ ተነስቶ ከሆነ ውሃው ላይ የሚያብለጨልጩትን ትንንሽ የፀሐይ ነጸብራቆች ፈልጉ። እያንዳንዷ ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትታ አጭር መስመር ከሆነች፣ የተንቀሳቀሰው እጃችሁ ነው። ታንኳው ጥርት ብሎ የቀዛፊው ክንድ ብቻ ከደበዘዘ፣ ሹተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት ጊዜ) ለሰውዬው ፍጥነት አልበቃም ማለት ነው። ቀዛፊው ደብዝዞ ከኋላው ያለው ደንገል አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ፎከሱ ስቷል። ከዳር እስከ ዳር ሁሉም እኩል ከፈዘዘ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ)፣ የሌንሱን መስታወት ወይም አየሩን ጠርጥሩ። ይህን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ዝም ብሎ ድካም ነው።

ሹተር ስፒድን ዝቅ አድርጎ መተው

ከሁሉም በላይ ፎቶ የሚያበላሸው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የቆየ ሕግ አለ፦ ካሜራውን በእጅ ከያዛችሁ የሹተሩ ቁጥር ከሌንሱ ሚሊሜትር (ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ከሚናገረው ቁጥር) ማነስ የለበትም። በ200 ሚሊሜትር ብታነሱ ቢያንስ 1/200 ሰከንድ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ሕጉ የወጣው ለፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትልቅ ለሆነ ካሜራ መሆኑን ነው። እኛ ጋ የሚበዙት ካሜራዎች ሴንሰራቸው ትንሽ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በ1.5 ወይም ካኖን ከሆነ በ1.6 ይባዛል። ያ 200 ሚሊሜትር 300 ወይም 320 ሆነ ማለት ነው፤ 1/320 ያስፈልጋችኋል። የሴንሰሩ ፒክሰል በበዛ ቁጥር ትንሿም መንቀጥቀጥ ስለምትታይ፣ እኔ ከዚያም ከፍ ባደርገው ይሻለኛል።

ይህ እንግዲህ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደብረ ማርያም በሞተር ጀልባ ስትሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ የጀልባውን አካል በሙሉ ያርገበግበዋል። ክርናችሁን ጠርዙ ላይ ካስደገፋችሁ ያ ንዝረት ቀጥታ ወደ ካሜራው ይገባል፣ በዓይን የማይታይ ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ክርናችሁን ከጎድናችሁ ጋር አጣብቁ፣ ጀርባችሁንም ከምንም አታስደግፉ፣ ሹተሩን ወደ 1/1000 ውሰዱት። ጉማሬ ወይም የወፍ መንጋ ካገኛችሁ «ወንድሜ፣ አንዴ ሞተሩን አጥፋልን» ብላችሁ ጀልባ ነጂውን ለምኑት። አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ያጠፉላችኋል፣ እንስሳቱም አይደነግጡም።

የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሆን የሌንሱ ሕግ ጨርሶ አይሠራም። በባሕር ዳር ዘንባባዎች ጥላ ለሚራመድ ሰው 1/250 ይበቃል። ለእስክስታ 1/500 እንኳ አንዳንዴ ያንሳል፤ በ1/60 ያነሳችሁት እንደሆነ ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣና ትከሻው ጭስ ይሆናል። ክንፉን ዘርግቶ ለሚበር ፔሊካን 1/1600 እና ከዚያ በላይ። ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ቢኖራችሁም እሱ የሚይዘው የእናንተን እጅ እንጂ የወፉን ክንፍ አይደለም።

ማኑዋል ካልለመዳችሁ ሞዱን ካኖን ላይ ቲቪ፣ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤስ አድርጉና ሹተሩን ራሳችሁ ወስኑ። ወይም ካሜራችሁ ከፈቀደ አውቶ አይኤስኦ (አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) ውስጥ ገብታችሁ ዝቅተኛውን ሹተር 1/250፣ ከፍተኛውን አይኤስኦ 6400 አድርጋችሁ ተዉት።

አይኤስኦን መፍራት

«አይኤስኦ 100 ላይ ካልሆነ ፎቶው ይበላሻል» የሚል እምነት አለ። ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ስታነሱ ይህ እምነት ዋጋ ያስከፍላችኋል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ የሚገባው በበሮቹ ነው። ፍላሽ ደግሞ አይነሳም፤ ለሥዕሉም ለሚጸልየውም ሰው ክብር ሲባል መጥፋት አለበት። አይኤስኦ 100 ላይ ከቆያችሁ ሹተሩ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል፣ የምታገኙትም የተጎተተ ቀለም ነው። 3200 አድርጉት። ኖይዙ (አሸዋ መሰሉ ነጠብጣብ) ይታያል፣ ይታይ! ኖይዝ በኤዲቲንግ ይቀንሳል፣ በእጅ መንቀጥቀጥ የጠፋ የመልአክ ዓይን ግን የትኛውም ፕሮግራም በትክክል አይመልሰውም። ሥዕሉ ስለማይንቀሳቀስ ማረጋጊያ ካላችሁና ተደግፋችሁ ከቆማችሁ 1/30 ሊበቃችሁ ይችላል። ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጉት። አዘንብላችሁ ከያዛችሁት ታችኛው ሥዕል ጥርት ብሎ የላይኛው ይደበዝዛል።

ሲገቡ ማስፈቀድ እንዳለባችሁ መቼም አልነግራችሁም።

የፎከሱን ቦታ ለካሜራው መተው

ካሜራው ሁሉንም የፎከስ ነጥቦች ክፍት አድርጋችሁ ስትሰጡት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ለሱ ቅርብ የሆነውን ነገር ነው። ከደንገሉ ጀርባ ያለችውን ወፍ ስታነሱ ፎከሱ ደንገሉ ላይ ያርፋል። አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡና ዓይኗ ላይ አኑሩት። አዳዲሶቹ ካሜራዎች የሰውና የእንስሳ ዓይን ራሳቸው ይፈልጋሉ፣ ካላችሁ ተጠቀሙበት።

የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ የፎከስ ሞዱ ወደ ተከታታይ ይቀየር፤ ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። በነጠላው ሞድ ፎከሱ አንዴ ይቆለፋል፣ ወደ እናንተ የሚመጣው ታንኳ ግን መቅዘፉን አያቆምም።

ሙሽሮችን ሐይቁ ዳር ለምታነሱ አንድ ነገር ልጨምር። 85 ሚሊሜትር በኤፍ 1.8 (ኤፍ የአፐርቸሩ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ስታነሱ፣ በፉል ፍሬም ጥርት የሚለው ጥልቀት 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በመሃሉ ነጥብ ዓይኗ ላይ ፎከስ ይዛችሁ፣ ከዚያ ካሜራውን ወደ ጎን አዙራችሁ ብትጫኑ ያቺ 3 ሳንቲሜትር አመለጠች። ዓይኗ ፈዞ ጆሮዋ ጥርት ይላል። ነጥቡን ራሱን አንቀሳቅሱት። ሁለቱ በተለያየ ርቀት ከቆሙ ደግሞ ኤፍ 4 ወይም 5.6 አድርጉት፤ ጀርባው ትንሽ ቢታይ ምን አለበት፣ ሐይቁ እኮ ነው!

ኤፍ 22 ላይ መዝጋት

አፐርቸር በተዘጋ ቁጥር ጥራት ይጨምራል የሚለው እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው እውነት። ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ተበትኖ ፎቶውን በሙሉ ያለሰልሰዋል። አብዛኞቹ ሌንሶች በጣም የሚያምሩት ኤፍ 5.6 እና 8 አካባቢ ነው። በትንሽ ሴንሰር ከኤፍ 11 ካለፋችሁ ማለስለሱ መታየት ይጀምራል።

ጢስ ዓባይ ላይ ብዙ ሰው 22 የሚዘጋው ፏፏቴው እንደ ሐር እንዲወርድ ሹተሩን ለማዘግየት ነው። ለዚያ የተሠራ ጥቁር ፊልተር አለ፣ ኤንዲ ይባላል፤ እሱን ግጠሙና ኤፍ 8 ላይ ቆዩ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ሆናችሁ ማረጋጊያውን አጥፉት፣ አንዳንዱ ሌንስ የሌለ ንዝረት ሲፈልግ ራሱ ይነቃነቃል። በጣታችሁም አትጫኑ፣ የሁለት ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ።

ከፊት ታንኳ፣ ከኋላ ሐይቅና ተራራ ሁሉም ጥርት እንዲሉ ከፈለጋችሁም 22 አያስፈልግም። በትንሽ ሴንሰር ካሜራ 18 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 8፣ ፎከሱ ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ይበቃል።

መስታወቱንና አየሩን መርሳት

ጢስ ዓባይ በክረምቱ ማብቂያ ሲሞላ ጢሱ ሌንሱ ላይ ያርፋል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ፎቶ በኋላ በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። በስልክ የምታነሱም መጀመሪያ የጣታችሁን ቅባት ጥረጉ፣ ግማሹ ችግር እሱ ነው። ርካሽ ፊልተር ሌንሱ ላይ ካለ አውልቃችሁ አወዳድሩ።

ከባሕር ዳር ከተማ ሆናችሁ በረጅም ሌንስ ዘጌን ቀትር ላይ ማንሳት ደግሞ ከንቱ ልፋት ነው። የጋለው አየር ይርገበገባል፣ ምስሉም አብሮት። ይህን የሚያስተካክል ሴቲንግ የለም። ዝናብ ካጠበው አየር በኋላ፣ በመስከረም ጠዋት፣ አንዴ ሞክሩት።

በኤዲቲንግ ላድነው ማለት

ሻርፕኒንግ (ፎቶን በፕሮግራም ማጥራት) ያልተያዘ ነገር አይፈጥርም። የሚሠራው ጠርዝ ላይ ነው፤ የብሩሁን ወገን የበለጠ ያበራል፣ የጨለማውን የበለጠ ያጨልማል። ሲበዛ የዘንባባው ቅጠልና የተራራው ጫፍ ዙሪያ ነጭ ክር ይወጣል። ያንን ክር ካያችሁ አልፋችኋል።

የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይትሩም ሮው ፎቶ (ካሜራው ሳያስተካክለው ያስቀመጠው) ሲከፈትበት ራሱ የሚሰጠው የሻርፕኒንጉ መጠን 40፣ ሬዲየሱ (የጠርዙ ስፋት) 1.0፣ ማስኪንጉ ዜሮ ነው። ማስኪንግ ዜሮ ማለት ሰማዩና ጸጥ ያለው ውሃም ይሳላል፣ ማለትም ሻርፕ ይደረጋል ማለት ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ ኖይዝ ብቻ ስለሆነ ፎቶው ይሻክራል። የአልት ቁልፍን ይዛችሁ ማስኪንጉን ወደ ቀኝ ጎትቱት። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ የሚሳለው ነጩ ብቻ ነው። ሰማዩና ውሃው ጠቁረው ላባውና ዓይኑ ነጭ ሆነው ሲቀሩ አቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 መሃል ይሆናል። ከዚያ መጠኑን ወደ 60 ከፍ ብታደርጉ አይጎዳም። ይህን ሁሉ መቶ በመቶ አጉልታችሁ ሥሩ፣ አንሶ በሚታይ ፎቶ ላይ ማንም በትክክል አይፈርድም።

ኖይዙን መጀመሪያ ቀንሱ፣ መሳሉ ኋላ ይምጣ። የላይትሩም ክላሪቲንና የስልኩን መተግበሪያ የስናፕሲድን ስትራክቸር ከሻርፕኒንግ ጋር አታምታቱ፤ በተለይ የእናቶች ፊት ላይ ስትራክቸር ስትጨምሩ ቆዳቸውን ታስረጁታላችሁ። እባካችሁ ተዉት።

የመጨረሻው ብዥታ የሚመጣው ሲላክ ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ወደሚታይበት መጠን አሳንሱ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ለስክሪን የሚለውን ሻርፕኒንግ ምረጡ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ደንበኛው የሚያየውም የተጨመቀውን ነው። እንደ ፋይል ላኩለት።