«ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ እና ሌሎች የጸሐፊ ስህተቶች

ከአዳማ ወጣ ብለው በኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ስለ እነርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ የፊዚክስ መምህርነቴን በሙሉ አራገፍሁበት። ከጥንቷ ፋርስ የእህል ወፍጮዎች ተነሥቼ በማግኔትና በመዳብ ሽቦ በኩል አልፌ፣ ሦስት ገጽ ሞልቼ ጨረስሁ። መጀመሪያ ያነበበልኝ በሰፈራችን ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነበር። እስከ መጨረሻው አነበበና ወረቀቱን በአክብሮት አጣጥፎ መለሰልኝ። ከዚያም «ጋሼ፣ ያ ሁሉ እዚህ ቆሞ እየዞረ የእኛ መብራት ለምን ይጠፋል?» አለኝ።

በሦስቱ ገጽ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ መስመር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ውኃና ስለ ገንዘብ ለማንኛውም አንባቢ እንዲሆን አድርጌ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ከባለሙያው ጥያቄ መጀመር

ባለሙያ የሚጽፈው በተማረበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ትርጓሜ፣ ቀጥሎ ታሪክ፣ ቀጥሎ መርሕ፣ በስተመጨረሻ ጊዜ ከተረፈ ኑሮ ይመጣል። አንባቢው ግን ከኑሮው ተነሥቶ ነው የሚመጣው። የባጃጅ ነጂው ጥያቄ መልስ አጭር ነበር። «አዳማ አንድ» በተባለው የነፋስ ማመንጫ 34፣ «አዳማ ሁለት» በተባለው 102 ተርባይኖች አሉ፤ የሚያመነጩት ግን ለአዳማ ተለይቶ የተቀመጠ አይደለም። ወደ አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መስመር ገብቶ ከግድቦቹ ጋር ይቀላቀላል። ቤታችን ድረስ የሚያመጣው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶውና ሽቦው። ኮረብታው ላይ ነፋሱ እያፏጨ እዚህ ታች አንድ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ሻማ መለኮስ ነው።

ከዚህ ብጀምር ኖሮ «ታዲያ ነፋሱ እንዴት መብራት ይሆናል?» የሚለውን ራሱ ይጠይቀኝ ነበር። ማግኔቱም ሽቦውም ያኔ ተጋብዘው ይገቡ ነበር።

«እንደሚታወቀው»

የማይታወቅ ነገር ሊነግሩን ሲሉ ሰዎች ለምን «እንደሚታወቀው» ብለው እንደሚጀምሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሚያውቀውን አንባቢ አይጠቅመውም፤ የማያውቀውን ግን ያሳፍረዋል። «በጣም ቀላል ነው» ማለትም የዚሁ ዘመድ ነው። ቀላል ነው ተብሎ ያልገባው ሰው ጥፋቱን ከራሱ እንጂ ከጸሐፊው አይፈልግም። ሁለቱንም ሰርዟቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድልበትም።

አንድ ቃል ለሦስት ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የደከምሁበት ነውና። «ኃይል» የሚለው ቃላችን ትከሻው ሰፊ ነው። የሚገፋውንም፣ የሚፈጀውንም፣ የሚፈጅበትን ፍጥነትም ኃይል እንለዋለን። «ጉልበት» ደግሞ አንዳንዴ የዚህን፣ አንዳንዴ የዚያን ቦታ ይይዛል። በአንድ ጽሑፍ ጉልበት የተባለው በሌላው ኃይል ሆኖ ሲመጣ አንባቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተነገሩት ይመስለዋል።

አዲስ ቃል መፍጠር መፍትሔ ይመስል ነበር፤ ሞክሬዋለሁ። ከግእዝ እየቆነጠርሁ የሠራኋቸውን ቃላት ከእኔ በቀር የሚያስታውሳቸው አልተገኘም። ተክል በብርሃን ምግቡን ማዘጋጀቱን «ብርሃን አስተፃምሮ» ማለት ለጆሮ ያምራል፤ ይሁንና ተማሪው መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎ ነገሩን፣ ሁለት ጊዜ መማር አለበት። የኋላ ኋላ የረዳኝ ቤት ውስጥ ያለው ቆጣሪና የእንጀራ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ይህ ምጣዱ የሚበላበት ፍጥነት ነው፤ ገና እንደ ተሰካም ሦስት ተኩል ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሦስት ተኩል ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጋገርበት ቆጣሪው ሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል፤ ሁለት ሰዓት ከሆነ ሰባት። ይህኛው የተበላው ነው፣ ሒሳቡም የሚመጣው በዚህኛው ነው። አሥር ዋት የምትወስድ አምፖል ከምጣዱ የአንድ ሰዓት ፍጆታ ለመድረስ 350 ሰዓት መብራት አለባት። ይህንን ያነበቡ አንድ የጎረቤት ወይዘሮ ልጆቹ አምፖል ባላጠፉ ቁጥር መቆጣታቸውን ትተው የመጋገሪያ ቀናቸውን በሳምንት ወደ አንድ አወረዱ። አንድም ጊዜ «ኃይል» የሚለውን ቃል አልተጠቀምሁም ነበር።

የውጭ ቃልም ቢሆን በራሱ አያስፈራም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ከጣልያን የመጡ ቃላት አዳማ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረ መካኒክ ሁሉ ይጠራቸዋል። እጁ የነካውን ነገር ስም ማን ይፈራል?

ቁጥርን ራቁቱን ማቆም

«አንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋዋት ያመነጫል።» እሺ፣ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? አንባቢው አያውቅም፤ አክብሮት ሰጥቶት ያልፋል። ምጣዱን አንድ ጊዜ ካስተዋወቅን ግን ቁጥሩ ሥጋ ይለብሳል፦ 1.5 ሜጋዋት ማለት 1,500 ኪሎዋት ነው፤ በቂ ነፋስ ሲያገኝ አንዱ ተርባይን ከ400 በላይ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ያግላል።

«በቂ ነፋስ ሲያገኝ» የምትለዋን ሐረግ ግን መዝለል አይገባም። ነፋስ በእጥፍ ሲፈጥን በውስጡ ያለው አቅም እጥፍ ብቻ የሚሆን ይመስለናል፤ ስምንት እጥፍ ነው። በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው አየር በእጥፍ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ቁና አየር የያዘው ግፊት ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ አራት ስምንት። እንግዲህ ነፋሱ በግማሽ ሲቀንስ ከአራት መቶው ምጣድ የሚተርፈው ሃምሳ ገደማ ነው። ከተማው ውስጥ ሆኖ ክንፎቹ ሲዞሩ እያየ «ሙሉ በሙሉ እየሠራ ነው» የሚል ሰው ይህን ካነበበ በኋላ ሽክርክሪቱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ግሱን እስከ መጨረሻ መሸሸግ

ቋንቋችን ግሱን ከኋላ ያስቀምጣል። ለተራኪ ጸጋ ነው፣ ለአስረጂ ፈተና። «የክልሉ የውኃ ሀብት ልማት የጥናትና ዲዛይን የሥራ ሂደት የባለሙያዎች የቡድን የግምገማ ሪፖርት…» እያለ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ሸክም አሸክሞ ደረጃ እንደሚያስወጣ ነው። ግሱ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የተሸከመውን ጥሎታል። አራተኛው «የ» ላይ ስደርስ ብዕሬን አነሣለሁ። ሌላ ዘዴ የለኝም።

ምሳሌ ሰጥቶ መሄድ

ምሳሌ ነገሩን እንደሚያቀልል ሁሉም ይስማማል። ችግሩ ጸሐፊው ምሳሌውን አስቀምጦ ይሄዳል፣ አንባቢው ግን ከምሳሌው ጋር ይቀራል። ክፍል ውስጥ ኤሌክትሪክን በቧንቧ ውኃ ስመስል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሽቦው ሲቆረጥ ለምን አይፈስም?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጁ ከማንም በላይ በጥንቃቄ ያዳመጠኝ እርሱ ነበር። ምሳሌው የት ላይ እንደሚያበቃ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚህ የባሰው ምሳሌ መሆኑ የተረሳ ምሳሌ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ብሔራዊ ባንክ ባስታወቀ ዕለት አገሩ ሁሉ «ብር ተንሳፈፈ» አለ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላርም በዚያው ቀን 70 ብርን አለፈ። በሰፈራችን ሻይ ቤት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የሚንሳፈፍ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ነው የማውቀው፤ የእኛ ብር ተንሳፍፎ እንዴት ሰመጠ?» ብለው ጠየቁ። የሳቁ ነበሩ፤ መልስ የነበረው ግን አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ «መንሳፈፍ» እዚህ ላይ መውጣት ማለት አይደለም፣ ገመዱ መፈታቱን ብቻ ነው የሚናገረው። በቆቃ ሐይቅ ዳር ከእንጨት ጋር ታስራ የቆየች ጀልባ ብትፈታ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስኑት ነፋሱና ውኃው ናቸው። ዶላር የሚፈልገው ሰው ብዙ፣ ዶላሩ ጥቂት በነበረበት ጊዜ የተፈታ ብር የሚሄደው ወደ ታች ነው።

አንባቢው የት እንደሚሳሳት አለማሰብ

«የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» ተብሎ በዜና ሲነገር ሰው የሚሰማው «ዋጋ ቀነሰ» የሚለውን ነው። ወደ ገበያ ሄዶ ዋጋው እንዳለ፣ እንዲያውም ጨምሮ ሲያገኘው፣ ወይ ዜናው ወይ ነጋዴው ይዋሻል ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። የመቶ ብር ዕቃ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ዕቃው 156 ብር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ የሚመጣ መኪና ፍጥነቱን ከ120 ወደ 80 ቢያወርድ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ጀመረ አይባልም። ዘግይቶም ቢሆን አዳማ ይገባል።

ስለ ግሽበት ከሚጻፈው ውስጥ ከዚህ የምትበልጥ አንቀጽ የለችም፤ ብዙ ጊዜ የምትዘለለውም እርሷው ናት፣ ለጸሐፊው ግልጽ ስለሆነች።

ለማቅለል ብሎ መዋሸት፣ ከዚያም «ገባዎት?» ማለት

እነዚህን ሁለት ስህተቶች በአንድ ወረቀት ላይ ስለሠራኋቸው አብሬ ልተርካቸው። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂን ጨምሮ በብዙ ቦታዎች፣ የጉድጓድ ውኃ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው አለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ያሉ ሕፃናት ሲጠጡት ጥርሱ ሲበቅል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። መጠኑ በጣም በበዛበት ቦታ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ሰው አጥንቱም ይጎዳል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመንደር ነዋሪዎች የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ለማቅለል ብዬ «ፍሎራይድ መርዝ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ከወጣቶቹ አንዱ በማግስቱ የጥርስ ሳሙና ካርቶን ይዞ መጣና «እዚህ ላይ ፍሎራይድ አለው ብለው በኩራት ጽፈዋል፤ መርዝ ይሸጡልናል?» አለኝ። በትንሹ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፣ ሲበዛ ያበላሻል ማለት ሁለት ተጨማሪ ሐረግ ብቻ ይፈልግ ነበር። ሐረጎቹን ቆጥቤ አመኔታ ከሰርሁ።

አስተካክዬ ጻፍሁና ለአንዲት እናት አነበብሁላቸው። ስጨርስ «ገባዎት እማማ?» አልኋቸው። «ኧረ ገባኝ ልጄ፣ ተባረክ» አሉኝ። እዚህ ላይ ማቆም የተለመደ ነው። ግን ይሉኝታ ባለበት አገር «ገባዎት?» ጥያቄ አይደለም፤ የደከመን ሰው አመስግኖ መሸኛ ነው። ስለዚህ ሌላ ጠየቅሁ፦ «ማታ ልጅዎ ስትመጣ ምን ብለው ይነግሯታል?»

ትንሽ አሰቡ። «የጉድጓዱ ውኃ የልጆቹን ጥርስ ያበላሻል፣ ስለዚህ በደንብ እያፈላሽ ስጫቸው እላታለሁ» አሉኝ።

ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር በቀረው ውኃ ውስጥ ይበዛል። እርሳቸው ግን አልተሳሳቱም። ዕድሜ ልካቸውን ስለ መጥፎ ውኃ የሰሙት ምክር «አፍሉት» የሚል ነው፤ እኔም «ንጹሕ ውኃ ይጠቀሙ» ብዬ ጽፌ ነበር። የፈላ ውኃ ደግሞ ለእርሳቸው ንጹሕ ውኃ ነው።

ወረቀቱን ቀደድሁት። አዲሱ የሚጀምረው «ይህ ውኃ ቢፈላም አይድንም» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ ለሕፃናት የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ወይም ፍሎራይድ የሚያጣራ ማጣሪያ ካለበት ቦታ መቅዳት እንደሚሻል ይናገራል። ሚሊግራሙን መጨረሻ ላይ፣ ማወቅ ለሚፈልግ፣ በአንድ መስመር አስቀመጥሁት። ለእማማ በድጋሚ ሳነብላቸው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አስቆሙኝና «በል ቆይ፣ ልጄን ልጥራት» ብለው ተነሡ።