«ካቻቢቴ» ብለው ቢፈልጉ አያገኙም፦ በኢንተርኔት ገበያ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሰው አታስወጣም። ሱቁ ይዘጋል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ ጥላ ተፈልጎ ጋደም ይባላል። እኔ ገበያ የምወጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ የምሄደው ግን ታይዋን ወይም ቀፊራ ወደሚባሉት የከተማችን ገበያዎች ሳይሆን አማዞን፣ ኢቤይ ወይም አሊኤክስፕረስ ነው። ስልኬን ይዤ ምንጣፍ ላይ እንደተጋደምኩ ስንቱን መደብር አዳርሳለሁ። ምንም አልገዛም፤ የምሸምተው ቃል ብቻ ነው። ዕቃው በፎቶ ይታያል፣ ስሙ ከሥሩ ተጽፏል፣ ዋጋው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በሥዕል የሚያስተምር ከዚህ የሰፋ መጽሐፍ አላውቅም። ሆኖም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሰፈር ውስጥ የማስጠናቸው ልጆችም ያንኑ ስህተት ሲደግሙ አያለሁ።

ባዕድ የሚመስል ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ማሰብ

የጎረቤቴ ልጅ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እየለመደ ነው። አንድ ቀን መፈለጊያው ላይ ካቻቢቴ የሚለውን በላቲን ፊደል ጽፎ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የረባ ነገር አልመጣለትም። «ጋሼ፣ ድረ ገጹ ተበላሽቷል» አለኝ። ድረ ገጹ ደህና ነበር። ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው «ስክሩድራይቨር» ይለዋል። ፒንሳ፣ ጎማ፣ ካልሲ፣ ቦርሳና ማሊያም የጣሊያን ልጆች ናቸው። እነዚህን የሚፈልግ ሰው «ፕላየርስ»፣ «ታየር»፣ «ሶክስ»፣ «ባግ» እና «ጀርሲ» ብሎ መጻፍ አለበት።

እኛ ድሬዎች ዘንድ ደግሞ ፈረንሳይኛም ይጨመርበታል። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ከባቡሩ ጋር ቋንቋውም ወርዷል፤ ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፉ የባቡር ጡረተኞች በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቡና ሲጠጡ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም። ሸሚዝ የምንለውም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ይህን ቃል መፈለጊያው ላይ የጻፈ ሰው እንደ ካቻቢቴው ባዶ እጁን አይመለስም፤ እንግሊዝኛ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ስስ የሴት የሌሊት ልብስ ስለሆነ ፎቶው ሲከፈት ስልኩን ቶሎ ማጥፋት ይመጣል። የወንዱ ሸሚዝ «ሸርት» ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን በፎቶ ያግኙ፣ ስሙን ከዚያ ያንብቡ። በገመቱት ስም ተነሥተው ዕቃውን አያሳድዱ።

የዕቃውን ርዕስ እንደ ዓረፍተ ነገር መቁጠር

«ሜን ሌዘር ካዡዋል ስሊፕ ኦን ሳመር ብሪዘብል ዋኪንግ ሹዝ» የሚል ርዕስ ቢያዩ ይህ እንግሊዝኛ ሳይሆን የቃላት ክምር ነው። ሻጩ ደንበኛ በየትኛውም ቃል ቢፈልግ ዕቃው እንዲወጣለት ያለ የሌለውን ይደረድራል። ግሥ የለውም፣ መስተዋድድ የለውም። ብዙ የቻይና ሻጮች በሚገኙበት በአሊኤክስፕረስ ደግሞ በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ ስለሚበዛ ክምሩ ይብሳል። አንዷ ተማሪዬ ስለ እናቷ ድርሰት ጻፊ ስትባል ቅጽሎችን በዚህ ዓይነት ደርድራ አመጣችልኝ፤ እናትየው ለሽያጭ የቀረቡ ይመስሉ ነበር። ከርዕሱ የሚወሰደው ጥንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ስሊፕ ኦን» ማለት ማሰሪያ የሌለው፣ እግር ሰተት ብሎ የሚገባበት ጫማ። ቀሪውን ይተዉት።

የገዢዎችን አስተያየት ሳያነቡ ማለፍ

ከሁሉም የምቆጭበት ይህ ነው፤ ለአንድ ዓመት ያህል ፎቶና ስም ብቻ ስለቅም ኖሬያለሁ። ብዙ መቶ ዕቃ በስሙ አውቅ ነበር፤ አንድ ነገር ተናገር ብባል ግን በጣት ከመጠቆም አላልፍም። ግሡ ያለው ወደ ታች ሲወርዱ፣ የገዙ ሰዎች የጻፉት ላይ ነው።

ከዚያም ውስጥ አንድ ኮከብ የሰጡትን ያስቀድሙ። አምስት ኮከብ የሰጠ ሰው «ግሬት» ብሎ ይሄዳል። አንድ ኮከብ የሰጠ ሰው ግን ተናዷል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርካል። ዕቃው መቼ እንደደረሰው፣ ሲከፍተው ምን እንዳየ፣ ስንት ቀን እንዳገለገለው፣ በምን ቀን ጉድ እንደሠራው። ልብሱ አንድ ጊዜ ቢታጠብ «ሽራንክ» ይላል፣ ተኮማተረ። ቀለሙ «ፌድድ»፣ ለቀቀ። ኪሱ «ቶር»፣ ተቀደደ። የውኃ መያዣው «ሊክድ»፣ አፈሰሰ። የጫማው ሶል «ኬም ኦፍ»፣ ተላቀቀ። ወንበሩ በሳምንቱ «ፌል አፓርት»፣ ብትንትኑ ወጣ። ሁሉም ያለቀ ነገር ስለሚተርኩ የኃላፊ ጊዜ ግሥ በብዛት ይገኛል፤ ያውም ትምህርት ቤት በሠንጠረዥ ሲሸመደዱ የሚያስቸግሩት ዓይነቶቹ።

እኔ እነዚህን ግሦች ማታ ታይዋን ይዣቸው እሄዳለሁ። ጫማ አንሥቼ ሶሉን እያየሁ፣ ይህ በድሬ ሙቀት ማስቲሹ ስንት ቀን ይይዝ ይሆን እያልኩ፣ በልቤ በእንግሊዝኛ አማርራለሁ። ሻጩ ዋጋ ሊቀንስልኝ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ፊቴ ላይ የሚያየው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አስተያየት ሰጪው እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቢሆንም ፊደል ይገድፋል። «ሉስ» ማለትም ሰፊ፣ ያልጠበቀ የሚለውንና «ሉዝ» ማለትም መጣል፣ መጥፋት የሚለውን ሲጽፉ የሚያምታቱ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ለአጻጻፍ መዝገበ ቃላት ይመኑ።

በዓይን ብቻ መማር

ፊደላችን እንደተጻፈ ይነበባል፤ ጠባያችን ይህ ስለሆነ የእንግሊዝኛውንም እያንዳንዱን ሆሄ ለማስጮህ እንሞክራለን። ሐረር ውስጥ፣ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር ሰፈር፣ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ቀበቶ ሲመርጥ ልረዳው ፈልጌ «ሱኤዴ ነው» አልኩት። ጎብኚው በትሕትና ፈገግ አለ። ለካ ያ ለስላሳ ቆዳ «ስዌድ» ነው የሚባለው። ነገሩ ከስዊድን ይመጣ ከነበረ የእጅ ጓንት በፈረንሳይኛ በኩል የተገኘ ስም ነው። «ቤዥ» የተባለውን ቀለም፣ «ፒ» ተጽፎ የማይነበብበትን «ሪሲት» ማለትም ደረሰኝን፣ «ከበርድ» የሚባለውን ቁም ሣጥንም በዓይኔ ብቻ የተማርኩ ጊዜ ሁሉንም አበላሽቻቸዋለሁ። አዲስ ቃል ሲጽፉ ድምፁን በስልክዎ መዝገበ ቃላት ያዳምጡና እንደ ሰሙት በግእዝ ፊደል ከጎኑ ያስፍሩ።

አሜሪካንና እንግሊዝን መቀላቀል

የአሜሪካው አማዞን የተመረጠውን ዕቃ «ካርት» ውስጥ ያስገባል፣ የእንግሊዙ አማዞን «ባስኬት» ውስጥ፤ አንዱ ጋሪ ሌላው ቅርጫት። ይህ ጉዳት የለውም። «ፓንትስ» ግን በአሜሪካ ሱሪ፣ በእንግሊዝ የውስጥ ሱሪ ነው። «ቬስት» በአሜሪካ ሰደሪያ፣ በእንግሊዝ ካናቴራ ነው። የጫማ ቁጥርም ይለያያል፦ እኛ በለመድነው 42 የሚሆነው የወንድ ጫማ በአሜሪካ 9 አካባቢ፣ በእንግሊዝ 8 አካባቢ ነው። አንዱን ድረ ገጽ ይምረጡና ጥቂት ወራት እዚያው ይክረሙ።

የሻጭ ቋንቋን ለሰው መናገር

ሻጭ «ቺፕ» አይልም፣ «አፎርደብል» ይላል። ያገለገለ ስልክ ታድሶ ሲቀርብ «ሪፈርቢሽድ» ነው። ቆዳ ያልሆነው ቆዳ «ፎ ሌዘር» ነው፤ «ፎ» በፈረንሳይኛ ሐሰት ማለት መሆኑን እነዚያ የባቡር ጡረተኞች ወዲያው ይነግሩዎታል። እነዚህን ማወቅ ይጠቅማል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ራስን «ፕሪሚየም» ብሎ ማቅረብ ግን ያስቃል።

ከማይኖሩት ኑሮ ቃል ማጋበስ

አንድ ሰሞን የክረምት ካፖርት ዓይነቶችን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ካፖርት! ልብስ በማሽን ማድረቅን የሚገልጸውን «ታምብል ድራይ»ም ተማርኩ፤ እዚህ የመጨረሻው ልብስ ገመድ ላይ ሳይሰጣ የመጀመሪያው ይደርቃል። ወሩ ሲያልቅ አንዱም አልቀረልኝም። ይልቅ ቤት ውስጥ ያለውን ይቁጠሩ። የለበስኩት ሽርጥ በእንግሊዝኛ ማን ይባላል ብዬ ስፈልግ «ሳሮንግ» የሚለውን አገኘሁ፤ በየቀኑ ስለምታጠቀው እስካሁን አልረሳሁትም።

የጋራዡ ልጅም አሁን የሚፈልገው የእጁን መሣሪያ ብቻ ነው። በቀደም መጥቶ፣ አንዱን ፒንሳ ለምን «ኤ ፔር ኦቭ ፕላየርስ»፣ ጥንድ ፒንሳ ይሉታል አለኝ። መቀስም፣ ሱሪም፣ መነጽርም እንደዚያው ናቸው፣ ሁለት እግር ወይም ሁለት ዓይን ስላላቸው ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «እና ጋሼ፣ እኔስ ጥንድ ነኝ?» አለኝ።