ፌስታሉን የያዘው ሰው፦ ለሕሙማንና ለአስታማሚዎች ድጋፍ ስናቅድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከገጠር ጎጃም ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚደርስ ታማሚ ሙሉ ታሪኩ የሚገኘው ካርድ ክፍል ሳይሆን አስታማሚው በያዘው ፌስታል ውስጥ ነው። የጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት፣ የግል ክሊኒኩ የደም ውጤት፣ ራጁ፣ ያለቀ መድኃኒት ካርቶን፣ የጤና መድን ደብተሩ፣ ሁሉም እዚያ ታጭቀዋል። ካርድ ክፍሉ የሚያውቀው የራሱን ግቢ ብቻ ነው። ከጤና ኬላ እስከ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በየደረጃው የተቆራረጠውን ሕክምና የሚያገጣጥመው ይህ ፌስታል ያዥ ነው። ድጋፍ የሚያቅዱ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ እሱን የሚያስታውሱት መጨረሻ ላይ ነው።

አስታማሚን እንደ ጠያቂ መቁጠር

የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የጥበቃ ሠራተኛው «ጠያቂ ውጡ!» ሲል አስታማሚውም አብሮ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ነርሷ «የዚህ ታማሚ አስታማሚ የት ሄደ?» ብላ ትጣራለች። መድኃኒት የሚገዛው፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ታማሚውን የሚያገላብጠው፣ ሌሊት ወለል ላይ የሚያድረው እሱ ሆኖ ሳለ በማንም ዕቅድ ውስጥ የለም።

አጎቴን ባስታመምኩበት ጊዜ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አልጠቀመኝም። የጠቀመችኝ አጠገባችን የነበረችው አልጋ አስታማሚ ናት። ገንዘብ ተቀባዩ መቼ እንደሚዘጋ፣ ውኃ የት እንደሚፈላ፣ ሐኪሙ ለጉብኝት ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከድርቆሿ እያካፈለች ነገረችኝ። ይህንን አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በአሥር ደቂቃ ሊነግር ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፤ አስታማሚ ይቀያየራል። አጨዳ ሲደርስ ወንድም ወደ ቀዬው ይመለስና እህት ትተካለች፤ ሐኪሙ ለወንድሟ የነገረውን ግን እሷ አልሰማችም። መድኃኒቱ፣ ቀጠሮውና ሐኪሙ የተናገረው በአማርኛ የሚሰፍርበት አንድ ተራ ደብተር ከፌስታሉ ጋር ቢዞር ብዙ ጣጣ ይቀር ነበር።

ሪፈር ጽፎ እጅ መታጠብ

«ሪፈር ብለነዋል» ሲባል ሥራው ያለቀ ይመስላል። ተቀባዩ ሆስፒታል ባለሙያው መኖሩና አልጋ መገኘቱ ሳይጠየቅ የሚላክ ታማሚ፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ እስከ መኪና መንገድ የደከሙለት ሰው፣ ደርሶ «ሌላ ቦታ» ይባላል። ለአንዳንዱ ሌላው ቦታ ከዓባይ በረሃ ማዶ፣ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አዲስ አበባ ነው። ሳይልኩ በፊት አንድ ስልክ መደወል ይህን ያስቀራል።

ተቀባዩ ሆስፒታል ለላኪው ጽፎ መስጠት ያለበት የመልስ ወረቀትም ይረሳል። ታማሚው ድኖ ሲወጣ የላከው ጤና ጣቢያ ምን እንደተደረገለት አያውቅም፤ ክትትሉ ግን እዚያው ነው የሚጠበቀው።

መድኑ ሁሉን ይሸፍናል ብሎ ማሰብ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን የአውቶቡስ ዋጋን፣ የአስታማሚን እንጀራና ማደሪያ አይከፍልም። ደረጃውን ዘልሎ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ ሰውም ከኪሱ ሊከፍል እንደሚችል ብዙዎች የሚያውቁት ገንዘብ መክፈያው መስኮት ላይ ቆመው ነው። ይህ መነገር ያለበት ደብተሩ ሲታደስ ነው።

በሐኪም ቤት አቆጣጠር ቀጠሮ መስጠት

ወረቀቱ ላይ «10/6» ተጽፏል። ሐኪሙ በፈረንጆች ጁን 10ን፣ በእኛ ሰኔ 3ን ማለቱ ነው፤ ገበሬው የካቲት 10 ብሎ ያነበዋል። አራት ወር ገደማ ቀድሞ፣ ብር ተበድሮ ይመጣል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «በየ8 ሰዓቱ» የተባለውን «በ8 ሰዓት» ብሎ የሰማ ሰው መድኃኒቱን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

«ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ስጡት። ከሦስቱ ሁለቱ ይቀራሉ፤ እሱም አይናገርም። «አያ፣ ይጾማሉ?» ብሎ መጠየቅና አወሳሰዱን አብሮ ማስተካከል የባለሙያው ድርሻ ነው።

ጸበልን ተፎካካሪ ማድረግ

«ወይ እኛ፣ ወይ ጸበል» የተባለ ታማሚ ጸበሉን አይተውም፤ መናገሩን ነው የሚተወው። ክኒኑንም አብሮ ይተው እንደሆነ ማን ያውቃል? «ጸበሉንም ጠጡ፣ ክኒኑንም አታቋርጡ» የሚሉ አባቶች አሉ፤ የነሱ አንድ ቃል ከብዙ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

በራሪ ወረቀትና የስልክ መተግበሪያ

ለሚያነብ ሰው ጥሩ ናቸው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለሚወጣ ሰው ግን የሚጠራ ስልክና የሚያነሣ ሰው ይበልጣል።

ታማሚውን አልጋው ላይ ሳለ ማስመስገን

«አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ተብሎ ገና መርፌ የሚጠብቅ ሰው ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል። ምን ይበል? የሚወጋው ያው እጅ ነው። መጠይቁ ላይ «ረክቷል» ተብሎ ይሞላል። ጥያቄው ከወር በኋላ፣ ቤቱ ድረስ በምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ይቅረብ፦ መድኃኒቱን የት ገዛችሁ? ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ? ለመንገዱ ምን ሸጣችሁ? ያኔ ከተሸጠችው በግ ጀምረው ይነግሯታል።