በድጋፍ ገንዘብ ድሬዳዋና ሐረር ለሚማሩ፦ ሴሚስተሩን የሚያደርስ በጀት እንዴት ይሰላል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ከሆናችሁ ምግብና አልጋ አላችሁ። ከሁለቱ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ከኪስ ነው የሚወጣው፦ ሳሙና፣ ሃንድአውት፣ ዳታ፣ ባጃጅ፣ ግቢው ክሊኒክ የሌለ መድኃኒት፣ ለዕረፍት አገር ቤት መሄጃ። ይህ ገንዘብ ከሴሚስተሩ ቀድሞ የሚያልቀው ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ በወር ስለሚሰላም ጭምር ነው። የተማሪ ወጪ በየወሩ እኩል አይወጣም። ምዝገባ ሰሞን ይከመራል፣ መሐል ላይ ይረግባል፣ ፈተና ሲደርስ በኮፒና በሕትመት ይመለሳል፣ በመጨረሻ የአውቶቡስ ትኬት ይጠብቃል። ስለዚህ ስሌቱ ከሴሚስተር ተነስቶ ወደ ሳምንት ይውረድ እንጂ በወር አይታሰብ።

የተሰጣችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና የምታገኙትን ድጋፍ ሁሉ በሦስት ክፈሉት፦ በዓይነት የሚሰጥ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚመጣ፣ ኋላ የሚከፈል ዕዳ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በደንብ ቁጥር 91/1995 የተጀመረው የወጪ መጋራት ተማሪው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያደርጋል። በየዓመቱ የምትፈርሙት የኮስት ሼሪንግ ውል ላይ ምግብና መኝታ በዓይነት ወይስ በገንዘብ እንደምትወስዱ ይሞላል። ሰልፉ ረዝሟል ብላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የፈረማችሁበትንም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። የአራትና የአምስት ዓመት ውል ሲደመር ኦሪጅናል ዲግሪ ለመውሰድ ስትሄዱ የምትጠየቁት ሒሳብ እሱ ነው። ያልተጠቀማችሁበት አገልግሎት ተቆጥሮባችሁ ከሆነ ለማስተካከል የሚቀለው በዚያው ዓመት ነው።

ቤተሰብ የሚልከውን፣ የስፖንሰር ድርጅት ወይም የዘመድ ድጋፍን በጥሬ ገንዘብ በኩል ጻፉት፤ ከአጠገቡ መቼ እንደሚገባም አስፍሩ። «በየወሩ 2000 እልካለሁ» ያለ አጎት በርግጥ የሚልከው ስንት ጊዜ እንደሆነ ባለፈው ዓመት ከተቀበላችሁት ይታያል። ቴሌብር ወይም ባንክ ያለውን የገቢ ታሪክ ተመልከቱና የደረሰውን ብቻ ቁጠሩ። በቱቶር ወይም በሌላ ሥራ የሚገኝ ገንዘብም እጅ ሳይገባ በጀት ውስጥ አይግባ።

ስሌቱ

ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩዋቸው። ከቤት በወር 2000 ለአራት ወር 8000 ብር፣ ከስፖንሰር ለሴሚስተሩ 6000 ብር፣ ድምር 14000። ይህን በአራት ወር ያካፈለ ተማሪ በወር 3500፣ በሳምንት 800 ብር የሚጠጋ አለኝ ብሎ ይጀምራል።

አሁን መጀመሪያ የማይቀሩትን ቀንሱ። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 3600። የመግቢያ ሰሞን ዕቃ (ደብተር፣ አንሶላ፣ አጎበር፣ ባልዲ፣ ቁልፍ፣ የሳሙና ክምችት) 2300። ኮፒና ሕትመት 1200። መጠባበቂያ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ፣ 1400። ድምሩ 8500 ይመጣል፤ የቀረው 5500 ብር ነው። ይህን ለ16 የትምህርት ሳምንት ሳይሆን ለ18 አካፍሉት፤ ካሌንደር መገፋቱ የተለመደ ነው፣ ፈተና ሲራዘም ደግሞ ሰው ሁሉ ኪሱ ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ የሚያበድርም አይገኝም። 5500 ለ18 ሲካፈል 305 ብር ግድም ነው። በሳምንት 800 እና በሳምንት 305፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። በ800 የኖረ ሰው ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ የትኬቱን ብር በልቶ ይገኛል።

የትራንስፖርቱን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ክተቱት፤ ካርድ የሌለው የባንክ ደብተር ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። የሳምንቱን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ወደ ቴሌብር አዙሩ። ዓርብ ላይ የተረፈ ካለ አትመልሱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ላይ ይደመር። ከመጠባበቂያው የሚወጣው ለሕመም፣ ለጠፋ መታወቂያ፣ ለለቅሶ ነው። የልደት መዋጮ መጠባበቂያ አይነካም።

ዋጋ እንዴት ይጠናል?

ያለፈ ዓመት ተማሪ የሰጣችሁን የዋጋ ዝርዝር እንደ ዓይነት መዘርዝር እንጂ እንደ ዋጋ አትውሰዱት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ከተተመነ በኋላ የተለዋወጠው ብዙ ነው። በውጭ ገንዘብ የሚረዳችሁ ካለም የሚላከው ዶላር እኩል ሆኖ የሚደርሳችሁ ብር ይለያያል፤ በጀታችሁን በዝቅተኛው ሥሩ።

ድሬዳዋ ያለ ሰው አትክልትና እህል ቀፊራ ገበያ፣ አልባሳትና የቤት ዕቃ ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ ከዚያ ደግሞ ግቢው በር ያለው ሱቅ ዋጋ ይጠይቅ። ሐረር ያለ ሸዋ በር ገበያን ከሰፈሩ ሱቅ ያስተያይ። ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ መካከለኛውን ጻፉ። ገበያ ለመሄድ የሚወጣውን ባጃጅ መደመር አትርሱ፤ ለአንድ ሳሙና ቀፊራ መውረድ ትርፍ የለውም፣ ለአራት ሰው የወር አስቤዛ ግን አለው። ባጃጅ በመስመር ስትሳፈሩና ኮንትራት ስትይዙ የዋጋው ርቀት ሰፊ ነው፤ ሲመሽ ኮንትራት ብቻ ስለሚገኝ ከተማ የምትወጡበትን ጉዳይ በቀን ጨርሱ።

ካፌ ወይስ ነን ካፌ?

ካፌ ማለት የግቢው ምግብ ቤት መብላት ነው፤ ነን ካፌ ደግሞ የምግቡን የቀን ተመን በገንዘብ ተቀብሎ ውጭ መብላት። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚመጣ ነገር ትርፍ ስለሚመስል። የቀን ተመኑ 100 ብር ቢሆን በ30 ቀን 3000 ብር ነው። ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለአንዱ 33 ብር ይደርሳል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ግቢው በር ያሉ ምግብ ቤቶች የዋጋ ሰሌዳ ፊት ቁሙ፤ መልሱን ራሱ ይነግራችኋል። ነን ካፌ የሚያዋጣው ከሦስት ነገር አንዱ ሲኖር ነው፦ ከሐኪም የታዘዘ ምግብ ካለ ወይም ቤታችሁ ከተማው ውስጥ ከሆነ፣ ተከራይታችሁ በጋራ የምታበስሉ ከሆነ፣ ወይም ከኪሳችሁ የምትጨምሩት ገንዘብ በርግጥ ካለ። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ካፌ ቆዩ። ገንዘቡ የሚዘገይበት ጊዜም ስላለ ቢያንስ የአንድ ወር የምግብ ወጪ በእጃችሁ ሳይኖር አትውጡ። ያለዚያ የመጀመሪያው ወር በዱቤ ይበላል፤ ተመኑ ሲገባ ለባለሱቁ ይሄዳል፣ ሁለተኛውም ወር እንደገና በዱቤ ይጀመራል። ከዚህ አዙሪት ሴሚስተሩ ሳያልቅ የወጣ ጥቂት ነው።

ተከራይተው ለሚያበስሉ አራት ሰዎች የወር አስቤዛ ግምት እንዲህ ነው። በቀን ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ቢባል 240 እንጀራ። ለአንድ ማዕድ ሽሮ 200 ግራም፣ በየቀኑ አንዴ ከተሠራ 6 ኪሎ። ምስር ወይም ክክ ለአንድ ማዕድ 250 ግራም፣ በወር 20 ቀን ከሆነ 5 ኪሎ። ሽንኩርት በቀን 400 ግራም፣ 12 ኪሎ። ዘይት ባለ 5 ሊትር አንድ ጀሪካን። በርበሬና ሽሮው ከቤት ከመጣ ከወጪው ትልቁ እንጀራው ነው። ድሬዳዋ ሙቀቱ ስለሚያሻግተው እንጀራ ከሁለት ቀን በላይ ገዝታችሁ አታስቀምጡ፤ ቲማቲምም እንደዚያው። ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንሽ ይቆያል። ዶርም ውስጥ በስቶቭ ለማብሰል ግን አትሞክሩ፤ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ሲያገኘው ይወስደዋል፣ ስቶቩም የተገዛበት ብርም ይቀራል።

በጾም ወራት የአስቤዛ ዝርዝሩ ይለወጣል፤ በረመዳንም የምሽቱ ማፍጠሪያ ከቴምር፣ ከሳምቡሳና ከሾርባው ጋር የቀኑን ምሳ ወጪ ይበልጥ ይሆናል እንጂ አያንስም። ሁለቱንም በሴሚስተሩ ካሌንደር ላይ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ።

ተከራይተው የሚኖሩ የሚረሱት

የቤት ኪራይ ሲባል ከወሩ ኪራይ ሌላ ቅድሚያ ክፍያ፣ የደላላና የዕቃ ማጓጓዣ አለ። ከዚያ መብራትና ውኃ ይመጣል። ድሬዳዋ ያለ ፋን መተኛት ከባድ ነው። 60 ዋት የሚወስድ ፋን በሌሊት 10 ሰዓት ቢሠራ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ብዙ አይደለም። ሒሳቡን የሚያንረው 1000 ዋት ስቶቭ ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ከተለኮሰ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ፣ ግቢው ሙሉ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ ጥቂት የምትጠቀሙትም በከፍተኛው ዋጋ ትከፍላላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ቆጣሪው ስንት ቤት እንደሚይዝና ሒሳቡ በሰው ወይስ በክፍል እንደሚካፈል ጠይቁ፤ ያለፈውን ወር ደረሰኝም እዩ።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሁለቱም ከተማ ለጀሪካን ግዢ ተዘጋጁ። አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ነው። ፈረቃው በሳምንት ሁለት ቀን ከተቋረጠ ለአንድ ሰው በወር 16 ጀሪካን ያህል መግዛት ይኖርባችኋል፤ በጋራ አንድ በርሜል መግዛት ይህን ያስቀራል። የድሬዳዋ ውኃ ማዕድን የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲሠራ ታያላችሁ። ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥበትም። ስለዚህ ከደጋ የመጣ ተማሪ ቤት የለመደው የሳሙና ብዛት አይበቃውም፤ ግማሽ ያህል ጨምራችሁ ያዙ። በሙቀቱ ልብስ በየቀኑ ስለሚቀየርም ጭምር።

አጎበር እንደ ትርፍ ዕቃ አትቁጠሩት። ድሬዳዋ ወባም ደንጊም አለ፤ አንድ ሳምንት ታሞ መድኃኒት መግዛትና ፈተና ማጣት ከአጎበሩ ይበልጣል። ሐረርና ሀረማያ ያላችሁ ደግሞ ብርዱን አስቡ፦ ወፍራም ብርድ ልብስና ጃኬት ከቤት ይዞ መምጣት እዚያ ከመግዛት ይሻላል።

ጫትና መዋጮ

በሁለቱም ከተማ ጫት የከሰዓት ልማድ ነው፤ ብዙ ተማሪ በጀት ላይ ግን አይጽፈውም። ችግሩ የእስሩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ስኳር፣ ሻይ፣ ውኃ፣ ኦቾሎኒ፣ ሲጋራ፣ ማታ ምግብ ስለማይገባ ሌሊት የሚገዛ ዳቦ፣ ጠዋት የቀረ ክላስ አብሮ አለ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚቅም ሰው ይህን ሁሉ ለሁለት ሳምንት በሐቅ ይጻፈውና ከላይ ካለው 305 ብር ጋር ያስተያየው። በድጋፍ ለሚማር ሰው ከዚህ የሚከብድ ወጪ የለም፤ ባይጀመር ይሻላል ብለን የምንመክረው ለዚህ ነው።

መዋጮም እንደዚያው ይጻፍ፦ የሴክሽን፣ የዶርም፣ የለቅሶ። ተማሪ ለጂሲ (ለመመረቂያ) ዓመት ቲሸርት፣ ለመጽሔት፣ ለፎቶ፣ ለጋውን፣ ለጥናታዊ ጽሑፍ ሕትመትና ጥራዝ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በየሴሚስተሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጥ። ሐረር ጤና የሚማሩ ነጭ ጋውንና የመመርመሪያ መሣሪያ ወጪው አንድ ሴሚስተር ላይ እንደሚወድቅ አስቀድመው ይወቁ።

መንገድ

ትኬት የሚወደድበትን ቀን ሽሹ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ በዚያ ሳምንት ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወስደው መጓጓዣም ማደሪያውም ይጨናነቃል። ከረመዳን በኋላ የሚከበረው ሸዋል ኢድ ሲደርስ ሐረር እንደዚያው ናት። በባቡር የምትሄዱ የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጁን ከትኬቱ ጋር ደምሩት፤ አዲስ አበባም ለቡ ፉሪ ስትወርዱ ወደ መሐል ከተማ ሌላ ታክሲ አለ።

ገንዘቡ መሐል ላይ ከተቋረጠ

ስፖንሰር ሲያቆም ወይም ቤተሰብ ሲቸገር ችግሩን ለሁለት ሳምንት እንኳ ሳትደብቁ የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሂዱ። ሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ጾታ ጉዳዮች ቢሮንም ጠይቁ፤ ለተቸገሩ ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ፣ የንጽሕና መጠበቂያና የኮፒ ድጋፍ የሚሰጡ ቢሮዎች አሉ። የተማሪ መማክርትና የበጎ አድራጎት ክበባትም ልብስና ደብተር ያሰባስባሉ። የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ከትውልድ ቀበሌ ወይም ወረዳ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት የኢኮኖሚ ችግር ማረጋገጫ ነው። ይህን ደብዳቤ ከሩቅ ማስመጣት ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ለዕረፍት ቤት ስትሄዱ ባይፈለግም አውጡትና ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ከእሱ ጋር የሴሚስተሩን በጀት በአንድ ገጽ፣ የገባውን፣ የወጣውንና የጎደለውን በቁጥር ጽፋችሁ አቅርቡ። «ተቸግሬያለሁ» ከሚል ማመልከቻ ይልቅ «ለስምንት ሳምንት በሳምንት 200 ብር ጎድሎኛል» የሚለው ፈጥኖ ይታያል፤ ቢሮውም ካለው ላይ ስንቱን መሸፈን እንደሚችል በቀላሉ ይወስናል።